በቤዝቦል ጌም የራስን ልጅ ማሳደግ፦ መጀመሪያ አለመምታትን እንልመድ

ጅማ ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ የትም አይኬድም። ዶፉ አንዴ ከጀመረ ባጃጅ እንኳን ይጠፋል። የሰፈራችን ልጆች ያኔ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት ይጠለላሉ። ሁሉም ስክሪን ላይ ፊፋ ነው፣ ተሸናፊ ይከፍላል። እኔም እዛው ነው ያደግኩት። ከጥቂት ዓመት በፊት ግን ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ስገዛ ሻጩ ከሲዲዎቹ ጋር ቀላቅሎ አንድ የቤዝቦል ጌም ሰጠኝ። "ይሄን የሚጠይቀኝ የለም፣ ውሰደው" አለኝ። አሁን ፊፋ የምከፍተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ሲዲው እጃቸው የገባ ልጆች ስላሉ ነው። ከፍተው ያዩታል፣ ተጫዋች ይፈጥራሉ፣ ሃያ ኳስ ይወረወርላቸዋል፣ አንዱንም አይነኩም፣ ይዘጉታል። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ጌሙ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ የሚጣፍጠው ይሄ የራስን ልጅ ፈጥሮ ከታች ማሳደግ ነው። ፊፋ ላይ ካሪየር ሞድ ገብታችሁ አንድ ተጫዋች ብቻ ይዛችሁ የተጫወታችሁ ካላችሁ፣ ነገሩ የዛ ዘመድ ነው።

ጌሙ ኤምኤልቢ ዘ ሾው ይባላል። የሚሠራው የሶኒው ሳንዲያጎ ስቱዲዮ ነው። "ዘ ሾው" የሚለው ስም የመጣው በ2006 ነው፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለረጅም ጊዜ ፕሌይስቴሽን ላይ ብቻ ነበር። በ2021 ኤክስቦክስ ላይ፣ በ2022 ደግሞ ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ወጣ። "ዘ ሾው" አሜሪካ ውስጥ ተጫዋቾች ትልቁን የቤዝቦል ሊግ፣ ኤምኤልቢን፣ የሚጠሩበት የአራዳ ስም ነው። እኛ የምናወራለት ክፍል ሮድ ቱ ዘ ሾው ነው፣ ማለትም ወደዛ ሊግ የሚወስደው መንገድ።

ቤዝቦል ለማያውቅ በአጭሩ። ፒቸሩ ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል። በመሃላቸው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ አለ። መቺው ፊት ከጉልበቱ እስከ ደረቱ አካባቢ የሚደርስ፣ በዓይን የማይታይ ሳጥን አለ፣ ስትራይክ ዞን ይባላል። ኳሱ በሳጥኑ አልፎ መቺው ዝም ካለ፣ ወይም ዱላውን ሰንዝሮ ከሳተ፣ አንድ ስትራይክ ይቆጠርበታል። ሦስት ስትራይክ ሲሆን አውት ነው፣ ይወጣል። ኳሱ ከሳጥኑ ውጪ ካለፈና መቺው ዝም ካለ ደግሞ "ቦል" ይባላል። አራት ቦል ሲሞላ መቺው ምንም ሳይመታ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ሜዳው ላይ ከሚዞራቸው ማረፊያዎች ወደ መጀመሪያው፣ ይሄዳል። ይቺን "በነፃ" የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ሦስት ሰው አውት ሲሆን ተራ ይቀየራል፣ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዙር ይሄዳል። ቤዞቹን ዞሮ የጀመረበት ቦታ የተመለሰ ሰው አንድ ነጥብ ያስገባል። በቃ፣ ለመጀመር ይሄ ይበቃል። የቀረውን ስትጫወቱ ትለምዱታላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ከፒቸሩ እጅ ወጥቶ መቺው ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው የሚፈጅበት። በዚህች ጊዜ ውስጥ ማየት፣ መወሰን፣ መሰንዘር አለ። ስለዚህ በእውነተኛው ቤዝቦል ከአስር ሦስቴ የተሳካለት መቺ ምርጥ ነው የሚባለው። ቴድ ዊሊያምስ በ1941 ከሺህ 406 ደርሶ ጨረሰ። ከዛ ወዲህ ትልቁ ሊግ በሚከፈልባቸው ሁለት ክፍሎች፣ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ፣ የውድድር ዘመኑን ከ400 በላይ የጨረሰ የለም። እኛ ኳስ ሜዳ ላይ ከአስር ፔናሊቲ ሰባት የሳተን ልጅ ሁለተኛ አናስመታውም። እዚህ ግን ሰባት ጊዜ ወድቆ ሦስቴ የተሳካለት ኮከብ ነው። ልጃችሁ አራት ጊዜ ቆሞ አራቱንም ቢወጣ ሴቩን አታጥፉት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ተስፋ ቆርጦ እንደገና ከዜሮ የሚጀምረው።

አሁን ወደ መፍጠሩ። ፊት፣ ፀጉር፣ ጺም አምስት ደቂቃ ስጡት። ስሙን በላቲን ፊደል የፈለጋችሁትን መጻፍ ትችላላችሁ፣ ኮሜንታተሩ የሚጠራው ግን አስቀድመው ከተቀረጹት ስሞች ውስጥ የመረጣችሁትን ነው። የመለያ ቁጥር ምረጡ። የኔ 74 ነው። ምክንያቱን ጅማ ያደገ ሰው ይገምተዋል። የአጎቴ ጓሮ ያለው ቡና 74110 ነው፣ እዚሁ አጠገባችን መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል የወጣ፣ የቡናን ፍሬ የሚያበሰብሰውን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ። አጎቴ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለች፦ ችግኙ ከመሬት ከገባ በኋላ ዝርያውን አትመርጥም። ጌሙ ላይም እንዲህ ያሉ ምርጫዎች አሉ፣ መልክና ቁጥር ግን ከነሱ ውስጥ አይደሉም።

ዋናው ምርጫ እጅ ነው። አብዛኛው ሰው ራሱ ቀኝ ስለሆነ "ቀኝ" ብሎ ያልፈዋል። የኔ ምክር፦ ልጃችሁ በግራ ይምታ፣ በቀኝ ይወርውር። አዎ፣ ሁለቱ የተለያዩ መሆን ይችላሉ። ጃፓናዊው ኢቺሮ ሱዙኪ እንደዛ ነበር፣ በ2004 በአንድ የውድድር ዘመን 262 ጊዜ መትቶ ቤዝ በመያዝ ሪከርድ የያዘው ሰውዬ። መቺም ፒቸርም የሆነው ሌላው ጃፓናዊ ሾሄይ ኦታኒም እንደዛው ነው።

ለምን በግራ? አብዛኞቹ ፒቸሮች ቀኝ ናቸው። ቀኝ ፒቸር የሚጠመዝዘው ኳስ ቀኝ መቺውን እየሸሸው ነው የሚሄደው፣ ወደ ግራ መቺው ግን እየቀረበ ይመጣል። በዛ ላይ ግራ መቺው ኳሱ ከፒቸሩ እጅ ሲወጣ በደንብ ያየዋል። ሌላም ጥቅም አለ። አንደኛው ቤዝ ያለው በፒቸሩ ግራ፣ በመቺው በኩል ሲታይ ደግሞ በቀኝ ነው። በግራ የሚመታ ሰው ከመጀመሪያውም አንድ ሁለት እርምጃ ቀርቦ ነው የሚቆመው። ለፈጣን ልጅ ሁለት እርምጃ ማለት በአውትና በቤዝ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በቀኝ ይወርውር ያልኩት ደግሞ ለቦታው ብዬ ነው። ሁለተኛ ቤዝ፣ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል ያለው ቦታ) እና ሦስተኛ ቤዝ ላይ የቆመ ሰው ኳሱን አንስቶ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንደኛ ቤዝ ነው የሚወረውረው። ለቀኝ እጅ ሰውነቱ ቀድሞውኑ ወደዛ ተመቻችቷል። ግራ እጅ ከሆነ መጀመሪያ መዞር አለበት፣ በዛች ቅጽበት ሯጩ ይደርሳል። ስለዚህ ግራ ወርዋሪ ከመረጣችሁ ከውስጠኛው ሜዳ የሚቀርላችሁ አንደኛ ቤዝ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱም በኩል የሚመታ፣ ስዊች ሂተር የሚባል ምርጫም አለ። ሲሰሙት ያስጎመጃል። ለመጀመሪያ ልጅ ግን አይሁን፣ ኳሱን ከሁለት ማዕዘን ማንበብ መልመድ ስለሚኖርባችሁ አንዱንም በወጉ ሳትለምዱ ትቀራላችሁ።

ቦታ ስትመርጡ ምን እየሠራችሁ መዋል እንደምትፈልጉ አስቡ። ሾርትስቶፕና ሴንተር ፊልድ (የውጨኛው ሜዳ መሃል) ላይ ኳስ ይበዛል፣ ፍጥነትና እጅ ያለው ልጅ ያስፈልጋል። አንደኛ ቤዝ ላይ መከላከሉ ቀለል ይላል፣ ግን ከዛ ቦታ የሚጠበቀው ትልቅ ምት ነው። ሦስተኛ ቤዝና ቀኝ ሜዳ ጠንካራ ክንድ ይጠይቃሉ። ካቸር፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው፣ ለጀማሪ አድካሚ ነው። እኔ ሾርትስቶፕ አድርጌ አልተጸጸትኩም።

ቁመትና ኪሎ ላይ ብዙ ሰው ይጨነቃል። አትጨነቁ። ሆሴ አልቱቬ 1 ሜትር ከ68 ነው፣ በ2017 የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። አሮን ጀጅ 2 ሜትር ከ1 ሳንቲ ነው፣ በ2022 62 ሆም ረን መትቶ እሱም ተብሏል። ሆም ረን ማለት አጥሩን ተሻግሮ የሚወድቅ ምት ነው። እንዲያውም በእውነተኛው ጨዋታ አጭር ሰው አንድ ጥቅም አለው፣ ስትራይክ ዞኑ የሚለካው በራሱ ሰውነት ስለሆነ ለፒቸሩ ጠባብ ሳጥን ነው የሚሆነው።

መቺ ይሁን ፒቸር? ከ2021 እትም ጀምሮ ሁለቱንም የሚሠራ ልጅ ማሳደግ ይቻላል፣ ኦታኒ እውነቱን ስላሳየ ነው ይሄ የመጣው። ኦታኒ በ2024 በመቺነት ብቻ ተሰልፎ 54 ሆም ረን መትቶ 59 ቤዝ ሰርቋል (ምት ሳይጠብቅ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መያዝ ማለት ነው)፣ በአንድ ዓመት ሁለቱንም ከ50 ያሳለፈ ከሱ በፊት አልነበረም። ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ሥራ ማለት ሁለት ትምህርት ነው። ለመጀመሪያው ልጅ መቺ ምረጡ። ሌላ ምክንያትም አለኝ፣ እሱም የኛ ከተማ ነገር ነው፦ መብራት። መቺ ስትሆኑ ጌሙ የልጃችሁን ተራ ብቻ ነው የሚያጫውታችሁ። በአንድ ግጥሚያ አራት ጊዜ ያህል ትመታላችሁ፣ ወደናንተ የመጣውን ኳስ ታነሳላችሁ፣ ያልቃል። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግጥሚያውን የሚከፍት ፒቸር ከሆናችሁ ግን አንድ ግጥሚያ ውስጥ ወደ መቶ ኳስ ልትወረውሩ ትችላላችሁ። በርግጥ ፒቸር በአምስት ቀን አንዴ ስለሆነ ተራው የሚደርሰው፣ ዓመቱ ቶሎ ያልቅላችኋል። ሰባተኛው ዙር ላይ፣ አንድም ነጥብ ሳይገባብኝ፣ መብራት የሄደብኝ ቀን ግን አሁንም ያንገበግበኛል። የጠፋው የተጫወትኩት ሁሉ ነው፣ መሃል ላይ ሴቭ አልሆነም ነበርና።

እንግዲህ ወደ ቁጥሮቹ። ፊፋ የለመደ ሰው 50 የሚል ልጅ ሲያይ "ይሄ ከንቱ ነው" ይላል። ቁጥሮቹ ምን እንደሚሠሩ ካልገባን ልጁን ማሳደግ አንችልም። እኔም ለመረዳት ብዙ ወር ፈጅቶብኛል።

መሰንዘር ስትፈልጉ ስክሪኑ ላይ በጆይስቲኩ የምታንቀሳቅሱት ትንሽ ምልክት አለ። ፒሲአይ ይባላል። ኳሱ ይመጣል ባላችሁበት ቦታ ታስቀምጡትና በሰዓቱ ትጫናላችሁ። ኮንታክትና ቪዥን የሚባሉት ቁጥሮች የዚህን ምልክት ስፋት ነው የሚወስኑት። ቁጥሩ ሲያድግ ምልክቱ ይሰፋል። ሲሰፋ ትንሽ ብትስቱም ኳሱን ታገኙታላችሁ። በቃ ይሄ ነው። ኮንታክት 90 የሆነ ልጅ ለናንተ አይመታላችሁም፣ ስህተታችሁን ይሸፍንላችኋል እንጂ። 45 የሆነ ልጅ ደግሞ ስህተታችሁን አይሸፍንም፣ ግን በትክክለኛው ቦታና ሰዓት ከመታችሁ እሱም ይመታል። ይሄ ሲገባኝ ጌሙ በሙሉ ተገለጠልኝ። ቁጥር ማለት የምሕረት መጠን ነው።

ፓወር ያገኛችሁት ኳስ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው የሚወስነው። ካላገኛችሁት ፓወር ምንም አይሠራም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ፓወር ላይ የሚያፈስ ሰው ጣራ ሠርቶ ግድግዳ እንደሚፈልግ ነው። ክላች ደግሞ ሰው ቤዝ ላይ ቆሞ ነጥብ ሊገባ በሚችልበት ጭንቅ ሰዓት የሚሠራ ቁጥር ነው። ስፒድ፣ ስቲል፣ የክንድ ጥንካሬና ትክክለኛነት ስማቸው ራሱ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፣ ብዙ ሰው ይሸወድበታል፣ እኔም ሦስት ሳምንት አባክኜበታለሁ። ኮንታክትና ፓወር እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ናቸው፣ አንዱ ጎን "ኤል" አንዱ ጎን "አር" የሚል ፊደል አለ። ግራና ቀኝ ማለት ነው፣ ግን የናንተ ልጅ እጅ አይደለም። የፒቸሩ ነው። ልጄ በግራ ስለሚመታ "ኤል" የሚለውን ሳሳድግ ከረምኩ፣ ለካ ከግራ ፒቸር ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚሠራውን ነበር የማሳድገው። አብዛኛው ፒቸር ቀኝ ነው ብለናል። መጀመሪያ "አር" የሚለውን አሳድጉ።

ቁጥሩ እንዴት ያድጋል የሚለው እንደ እትሙ ይለያያል። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ሲዲ የስንት እንደሆነ እዩ። በድሮዎቹ ጥሩ ስትጫወቱ ነጥብ ትሰበስቡና የፈለጋችሁት ላይ ታፈሱታላችሁ። በ2018ቱ ይሄ ቀረ፣ ልጁ የሠራው ነገር ራሱ ያሳድገው ጀመር። በደንብ ከመታ መምታቱ ያድጋል፣ በደንብ ካነሳ ማንሳቱ። ካበላሸ ደግሞ ይቀንሳል። ለያንዳንዱ ዓይነት ልጅ ጣሪያም ተበጀለት፣ ለጉልበት የተፈጠረ ልጅ ፍጥነቱ ማለፍ የማይችለው ልክ አለ። ከ2021 ወዲህ የልጁን ዓይነት ከነልዩ ችሎታዎቹ መቀየር መጣ። በ2025ቱ ታሪኩ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምራል፣ ከፈለጋችሁ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ መጫወት ትችላላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ ይሄን ሲያይ በጣም ነበር ደስ ያለው።

መንገዱ ግን ያው ነው። ደብል ኤ ከሚባለው ዝቅተኛ ሊግ ወደ ትሪፕል ኤ፣ ከዛ ወደ ትልቁ ሊግ፣ ሠላሳ ቡድኖች ወዳሉበት። ልጁ ከታች ሲቆይ ሰው ይናደዳል። አትናደዱ። እታች ያሉት ፒቸሮች የሚያበላሹት ኳስ ይበዛል። ዓይናችሁ የሚሠለጥነው እዛ ነው።

ወደዛች ወደ "በነፃ" እንመለስ። ልጃችሁን በፍጥነት የሚያሳድገው ትልቁ ነገር አለመምታት ነው። ይሄን ስል ሰው ያፈጥብኛል። ግን አስቡት። ፒቸሩ የሚወረውረው ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። ብዙው እንድትስቱ ሆን ተብሎ ከሳጥኑ ወጣ ብሎ የሚጣል ነው። ሁሉንም ስትሰነዝሩ ፒቸሩ ጥሩ ኳስ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። ዝም ስትሉ ግን ቦል ይቆጠርበታል፣ ይጨነቃል፣ ወደ መሃል ለማስገባት ይገደዳል። ያ ነው የናንተ ኳስ። ዲሲፕሊን የሚባል ቁጥር አለ፣ መጥፎ ኳስ በለቀቃችሁ ቁጥር በተግባር በሚያድጉት እትሞች ላይ እሱ ይጨምራል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ደብል ኤ፣ ስምንተኛ ዙር፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የኛ ሰው ቆሟል። ፒቸሩ ቀኝ ነው። የመጀመሪያው ኳስ ፈጣን፣ ወደ ታች፣ ከጉልበት በታች። ጣቴ በላኝ፣ ግን ያዝኩት። ቦል። ሁለተኛው መሃል ላይ መጣ፣ ሰነዘርኩ፣ ዘገየሁ፣ ወደ ጎን ወጣ። ስትራይክ። ሦስተኛው ከፍ ብሎ መጣ፣ ለቀቅኩት። ቦል። አራተኛው ጠምዛዛ ነበር፣ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ መስሎ መጨረሻ ላይ ወደ እግሬ ወደቀ። የድሮው እኔ ይሄን ይሰነዝር ነበር። ለቀቅኩት። ሦስት ቦል፣ አንድ ስትራይክ። አሁን ፒቸሩ አንድ ቢስት በነፃ እሄዳለሁ። ስለዚህ የሚመጣው ፈጣኑ ኳስ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሌላ አይሆንም ብዬ ምልክቱን መሃል ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። መጣ። የልጄ ኮንታክት ያኔ 52 ነበር። ኳሱ በቀኝ ሜዳና በሴንተር ፊልድ መካከል ሰንጥቆ እስከ አጥሩ ሄደ። እናቴ ጀበናውን ከሰል ላይ እየጣደች ጩኸቴን ሰምታ "ምን ሆንክ ልጄ?" ብላ ገባች። 

ያን ምት የመታው 52 የሚለው ቁጥር አይደለም። ከሱ በፊት የተለቀቁት ሦስት ኳሶች ናቸው።

ለልምምድ እንዲህ አድርጉ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ግጥሚያዎች፣ በየተራችሁ የመጀመሪያውን ኳስ ምንም ይሁን ምን አትሰንዝሩ። ዝም ብላችሁ እዩት። ከፒቸሩ እጅ ሲወጣ ምን ይመስላል፣ የት ደረሰ፣ ስንት ኪሎ ሜትር አለ። ቁጥራችሁ ይጎዳል፣ ችግር የለም። የክብደት ደረጃውን ደግሞ ዳይናሚክ የሚለው ላይ አድርጉት፣ እንደ አያያዛችሁ ራሱ እየከበደ ይሄዳል። ግጥሚያ እየዘለላችሁ ሲሙሌት አታብዙ። ስትዘሉት የሚጫወተው የልጁ ቁጥር ብቻ ነው፣ እናንተ የላችሁበትም፣ ደካማ ልጅ ደግሞ ብቻውን ሲቀር ደካማ ውጤት ነው ይዞ የሚመለሰው።

ፒቸር ነው የምፈልገው ለሚል ሰው ጥቂት ልበል። የኳስ ዓይነት አታብዙ፣ ሦስት ይበቃል። ፈጣኑ ይኑር። ቼንጅአፕ ይኑር፣ አወራወሩ ፈጣኑን ይመስላል፣ ግን በሰዓት ከ13 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘገያል፣ መቺው ቀድሞ ይሰነዝራል። አንድ ጠምዛዛ ጨምሩ፣ ስላይደር ወይም ከርቭ። ከዛ ከፍጥነት በፊት ኮንትሮል አሳድጉ። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየወረወረ ሳጥኑን የማያገኝ ልጅ ሰዎችን በነፃ ነው የሚያሰልፈው።

ስለ ዕቃና ስለ ብር። በአዲሶቹ እትሞች ዱላው፣ ጓንቱና ጫማው ቁጥር ይጨምራሉ። የሚገዙት ስተብስ በሚባል የጌሙ ገንዘብ ነው። ስተብስ በእውነተኛ ብርም ይሸጣል። አትግዙ። እየተጫወታችሁ ይጠራቀማል፣ በዛ ላይ ዓይናችሁ ያልሠለጠነ ከሆነ ውድ ዱላ አይመታላችሁም። ያገለገለ ሲዲ የምትገዙ ሰዎች ደግሞ ይሄን ልብ በሉ፦ የቆዩ እትሞች ሰርቨር ከጥቂት ዓመት በኋላ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት የሚፈልገው ነገራቸውም አብሮ ይቆማል። ከመግዛታችሁ በፊት እትሙ የስንት እንደሆነና ያለ ኢንተርኔት ምን ምን እንደሚሠራ ጠይቁ።

ስለ ዱላ ካነሳሁ፣ አጎቴ አናጺ ነው፣ በርጩማና ወንበር ይሠራል። አንድ ቀን ቤት መጥቶ ዱላ ስመርጥ አየኝና ስለ ጨዋታው አንድም ሳይጠይቀኝ "ከምን እንጨት ነው?" አለ። ከሜፕል፣ ከአሽ ወይም ከበርች ነው አልኩት። ዱላው በጣም ወፍራም የሆነበት ቦታ ከ6 ሳንቲ ተኩል ብዙም አይበልጥም ስለው በጣቱ ለካና "በዚህች ነው ያን ሁሉ የሚመቱት?" አለ። ከዛ ቁጭ ብሎ ሁለት ግጥሚያ አየ። ልጄ መጥፎ ኳስ ሲለቅ "ጎሽ" ይል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሲዲውን ይዤ ጌም ቤት ሄድኩ። ውጪ ዶፍ ነው። የአክስቴ ልጅ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው፣ ጆይስቲኩን ተቀበለኝ። ልጆቹ ከኋላው ተሰብስበው "ምታው! ምታው!" ይላሉ። የመጀመሪያ ሁለት ተራውን ስድስት ኳስ ሰንዝሮ ስድስቱንም ሳተ። ሦስተኛው ላይ ጆሮው ጋ ጠጋ ብዬ "ምንም አትጫን፣ ዝም ብለህ እይ" አልኩት። አንድ ስትራይክ ገባበት። ከዛ ቦል፣ ቦል። ልጆቹ እየጮሁበት ጣቱን ከበተኑ ላይ አንስቶ ያዘ። ቦል። አራተኛው ከሳጥኑ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብሎ አለፈ። የሱ ልጅ ዱላውን መሬት ላይ ጣለና ሶምሶማ ወደ አንደኛ ቤዝ ሄደ።

"ጋሼ፣ ምን ሆነ?"

"ቤዝ ያዝክ።"

"ሳልመታ?"

"ሳትመታ።"

ዞር ብሎ ልጆቹን አያቸው። ከዛ ወደ ስክሪኑ ተመልሶ "ቀጣዩን አሳየኝ" አለ።